ሙቀቱም መድኃኒቱም በአንድ በር ይገባሉ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

አዘጋጅ፦ እስቲ ሬዲዮኑን ጠጋ አድርጉት። ቡና እየተፈላ ከሆነም ይፈላ፤ የዛሬው ጨዋታችን ረዘም ይላል።

ነገሩ ብዙ ሰውን ይመለከታል። ከጋይንት፣ ከወገራ፣ ከደባት ወርዶ መተማና ቋራ ሰሊጥ የሚያርመውን፣ የሚያጭደውን ወጣት ይመለከታል። በመቂና በባቱ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚረጨውን ይመለከታል። በቢሾፍቱና በሆለታ ጽጌረዳ የምትቆርጠውን እህታችንንም እንዲሁ። ደግሞም ማታ የእነዚህን ሁሉ ልብስ የምታጥበውን እናት። እሷን አደራ እንዳንረሳት።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስለ ሙቀት ስንመክር "ሳሳ ያለ፣ ሰፋ ያለ ልብስ ልበሱ" እንላለን። ስለ ኬሚካል ስንመክር ደግሞ "ቱታ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ማስክ" እንላለን። ታዲያ ጠራራ ፀሐይ ላይ መርጫ አዝሎ የቆመ ሰው የትኛውን ይስማ?

እኛ መካሪዎቹ ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዘለነው እናልፋለን። የጤናው ባለሙያ ስለ ሙቀቱ ይናገራል፣ የግብርናው ባለሙያ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒቱ ይናገራል። ሠራተኛው ግን ያለው አንድ ገላ ነው። ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ እናያቸዋለን። እስቲ መጀመሪያ ይህችን ጭውውት አዳምጡ።

(የመርጫ ድምፅ፣ የሰዎች ንግግር ከሩቅ)

ካቦ፦ አንተ ልጅ! ምነው ተቀመጥክ? ገና ስድስት ሰዓት መሆኑ እኮ ነው።

ወጣት፦ ጋሼ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው። ምች ሳይመታኝ አልቀረም።

ካቦ፦ ትናንት የመጣኸው ልጅ አይደለህ?

ወጣት፦ አዎ ጋሼ፣ ትናንት ማታ ነው ከደባት የገባሁት።

ካቦ፦ ጀርባህስ እንዲህ የራሰው ላብ ነው?

ወጣት፦ መርጫው ያፈሳል ጋሼ። ጠዋት ተናግሬ ነበር፤ "ለዛሬ ቻለው" አሉኝ።

(ድምፁ ይጠፋል)

አዘጋጅ፦ ሰማችሁ? ልጁን ምን ያመመው ይመስላችኋል? ፀሐይ ነው? መድኃኒቱ ነው? ወይስ እሱ እንዳለው ምች ነው?

እስቲ ገላችን ሙቀትን እንዴት እንደሚቋቋም እንይ። ሰው ሲሞቀው ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ ያልበዋል፤ ላቡ በአየር ሲደርቅ ገላውን ያቀዘቅዛል። ሁለተኛ የደም ሥሮቹ ይሰፉና ደሙ ሙቀቱን ለማስወጣት ወደ ቆዳው ይቀርባል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ፈጣሪ የሠራው። ችግሩ የሚመጣው በዚያው ቆዳ ላይ መድኃኒት ሲፈስ ነው። የራሰ ቆዳ ከደረቀ ቆዳ ይልቅ ያስገባል። ደሙም ቅርብ ስለሆነ የገባውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይወስደዋል።

ሙቀቱ በሩን ይከፍታል፣ መድኃኒቱ ይገባል። ልድገመው፦ ሙቀቱ በሩን ይከፍታል፣ መድኃኒቱ ይገባል።

ብዙዎቻችን መርዝ የሚገባው በአፍና በአፍንጫ ብቻ ይመስለናል። አፍንጫችንን በነጠላ ወይም በሻሽ ጠምጥመን "ተጠንቅቄያለሁ" እንላለን። ለሚረጭ ሰው ግን ዋናው መግቢያ ቆዳ ነው። ቆዳ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ፓራታዮን በሚባል ፀረ ተባይ በተደረገ ጥናት፣ ግንባር ከክንድ አራት እጥፍ ያህል፣ ብብት ሰባት እጥፍ ያህል አስገብቶ ተገኝቷል። በወንድ ልጅ ብሽሽት መካከል ያለው ስስ ቆዳ ደግሞ ከ11 እጥፍ በላይ።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጀርባ እንመለስ። የሚያፈስ መርጫ የት ነው የሚያፈሰው? ከክዳኑ ወይም ከሥሩ ተነሥቶ በጀርባ ይወርዳል፤ በቀበቶው በኩል ሱሪ ውስጥ ይገባና ብሽሽት ላይ ይጠራቀማል። ከገላ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገባው ቦታ ላይ! ልጁም ላብ መስሎት ዝም ይላል። ስለዚህ "ለዛሬ ቻለው" የሚባል ነገር የለም። ጠዋት መድኃኒቱ ሳይጨመር በባዶ ውኃ ሞክሩት፤ ካፈሰ ጎማውና ክዳኑ ይጠገን። የጎማው ዋጋ ከአንድ ቀን የሕክምና ወጪ አይበልጥም።

ሌላም አለ። የመርጫው ጫፍ ሲደፈን በአፉ የሚነፋ ስንት ሰው አለ? እጃችሁን አታውጡ፣ በሬዲዮ አይታይም! በቀጭን የሣር አገዳ ወይም በለስላሳ ብሩሽ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ በውኃ እየጠረጋችሁ አጽዱት። አፍ ለመርጫ አልተፈጠረም።

(አጭር የክራር ድምፅ)

አዘጋጅ፦ አሁን ወደ ካቦው። "ትናንት የመጣኸው አይደለህ?" አለው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የቀረው መልሱን በተግባር ማዋል ነው። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ገላ ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ልብ፣ ላብ፣ ደም ሁሉ አሠራራቸውን ይለውጣሉ። ሳሉግ የሚባለው ነባር ሠራተኛ ቆላውን ለምዶታል፤ ትናንት የገባው ግን አልለመደም። ከቤት ውጭ ሲሠሩ በሙቀት ከሚሞቱት መካከል ብዙዎቹ የሚሞቱት ሥራ በጀመሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ባለሙያዎች አዲስ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሥራ፣ ከዚያ በየቀኑ አንድ አምስተኛ ይጨመርለት ይላሉ። ይህን ስል ከወዲያ አንድ ባለ እርሻ ሲስቅ ይሰማኛል። "ሰሊጡስ?" ይላል። እውነት አለው፤ ሰሊጥ ከደረሰ ጊዜ አይሰጥም፣ አገዳው ላይ ተከፍቶ ይረግፋል። ሠራተኛውም በቁርጥ ከተቀጠረ ማረፍ አይፈልግም፤ ያረፈበት ሰዓት ገንዘቡ ነው። ስለዚህ "እረፉ" ብሎ መምከር ብቻውን ባዶ ነው። የሚያዋጣው ሰዓቱን ማዛወር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት መሥራት፣ ጠራራውን ጥላ ሥር ማሳለፍ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ መመለስ። አዲሶቹን ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት በቁርጥ ሳይሆን በቀን ሒሳብ ማሠራት። ታሞ ከሚወድቅ ሠራተኛ ይህ ለባለ እርሻውም ይረክሳል።

በክረምት፣ በአረም ጊዜስ? ደመናው አያታልላችሁ። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። ያልደረቀ ላብ ደግሞ አያቀዘቅዝም።

ውኃስ? በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል። እስኪጠማችሁ አትጠብቁ። የውኃው ጀሪካን ካምፕ ተቀምጦ ሰዉ ማሳው መጨረሻ ላይ ከሆነ ማንም ተመልሶ አይጠጣም፤ ውኃው ከሠራተኛው ጋር ይንቀሳቀስ። ሲያልባችሁ ከዋለና ምግብ ካልተበላ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ጠጡ። ጨውን ከዚያ አታብዙ። አረቄ ግን ውኃ አይተካም፤ እንዲያውም ያለውን ያስወጣል።

ሽንታችሁ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ ገላችሁ ደርቋል ማለት ነው። ይህን ለምን አጥብቄ አነሣሁ? በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች፣ ስኳርም ሆነ የደም ግፊት የሌለባቸው ወጣቶች፣ ኩላሊታቸው እየተበላሸ ሞተዋል። ከሚጠረጠሩት ዋና ምክንያቶች አንዱ በየቀኑ በሙቀት መሥራትና የውኃ ጥማት ነው። እዚያ የተጀመረው መፍትሔ ሦስት ቃል ነው፦ ውኃ፣ እረፍት፣ ጥላ። እኛም በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በፊንጫ አገዳ የሚቆርጥ ወገን አለንና በሉት፦ ውኃ፣ እረፍት፣ ጥላ።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ "የትኛውን ልስማ?" ላለው ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ቱታውን አውልቁ አንልም። በቱታ ጠራራ ላይ ቁሙም አንልም። የሚረጨው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ብርዱ ሳይለቅ፣ ነፋሱ ሳይነሣ። ያኔ ቱታ ይቻላል። መድኃኒቱም በነፋስ ሄዶ የጎረቤት ማሳ ወይም የራሳችሁ ፊት ላይ አያርፍም፣ በፀሐይም ተኖ አይባክንም። ሰሊጡ አበባ ላይ ከሆነ ደግሞ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን። ቆላ ማር እየሸጣችሁ ንብ መግደል ምን ይሉታል?

ከመርጨታችሁ በፊት ግን የዕቃውን ጽሑፍ እዩ። ማንበብ የማይችል ሰው በወረቀቱ ግርጌ ያለውን ቀለም ይመልከት። ቀይ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ግን ይጠጣል ማለት አይደለም! ገበያ ላይ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጠውንስ? ቀለም የለውም፣ ስም የለውም፣ መጠን የለውም። አትግዙት። ልጅ ውኃ መስሎት የሚጠጣው እሱን ነው።

(የሩጫ ኮቴ፤ "ኧረ ድረሱ!" የሚል ድምፅ)

አዘጋጅ፦ ያ ልጅ ቢወድቅስ? ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ላብ። እነዚህ ሁሉ ከሙቀትም ይመጣሉ፣ እንደ ማላታይን ካሉ መድኃኒቶችም ይመጣሉ። ዓይኑን እዩ። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ምራቁና እንባው ከበዛ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ መድኃኒቱን ጠርጥሩ። ገላው እንደ እሳት ከጋለ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ሙቀቱን ጠርጥሩ።

መለየት ካልቻላችሁስ? ደስ የሚለው ነገር መጀመሪያ የሚደረገው ለሁለቱም አንድ ነው። ከማሳው አውጥታችሁ ጥላ ሥር አስተኙት። ልብሱን አውልቁ። ብዙ ውኃ አፍስሱበት፤ ሳሙና ካለ እጠቡት። በልብስ ወይም በካርቶን አራግቡለት። ውኃው ሙቀቱንም ያበርዳል፣ መድኃኒቱንም ያጥባል። አጣቢው ጓንት ከሌለው እጁን በፌስታል ይሸፍን፤ አለበለዚያ ሁለት በሽተኛ ይሆናል። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት እንጂ በአፉ ምንም አትስጡ። እንዲያስመልሰው አታስገድዱ። ከዚያ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ፤ የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ወረቀት በፌስታል ይዛችሁ። ሐኪሙ አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ ለመስጠት ሲወስን መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ማወቁ ይረዳዋል።

ልጁ ምች መታኝ ስላለ፣ ስለ ዳማ ከሴም አንድ ነገር ልበል። እኔም የእናቴን ዳማ ከሴ እወዳለሁ። ነገር ግን ገላው ለጋለ፣ ለተንቀጠቀጠ ሰው ቅጠል ፍለጋ ሲኬድ ሰዓቱ ያልፋል። ወተቱም እንዲሁ። ከርጭት በኋላ አንድ ጣሳ ወተት መርዙን ያጥባል የሚለው ብዙ ቦታ የሚታመን ነገር ነው። ወተት ምግብ ነው፣ ጠጡት፤ በቆዳ የገባን መርዝ ግን አያወጣም። መርዙን የሚያጥበው ውኃና ሳሙና ነው፣ ያውም ሳይገባ።

(በር ሲከፈት፤ የሕፃን ሩጫ)

ልጅ፦ አባዬ! አባዬ መጣ!

ሚስት፦ ነይ አንቺ! እንዳትነኪው፣ አባትሽ ገና አልታጠበም።

ባል፦ ኧረ ተያት እባክሽ፣ ናፍቃኝ ነው የዋለችው።

ሚስት፦ ውኃውም ሳሙናውም ጓሮ ተቀምጦልሃል። ልብስህን እዚያው በአሮጌው ሳፋ ጣለው። ከዚያ በኋላ ማቀፍ ቀርቶ አዝለሃት ትዞራለህ!

(ሳቅ፤ ድምፁ ይጠፋል)

አዘጋጅ፦ ይህች ሴት ባለሙያ ናት። መድኃኒቱ ማሳ ላይ አይቀርም፤ በልብስ፣ በጫማ፣ በፀጉር ቤት ይገባል። ከዚያ መሬት ላይ ይረግፋል። መሬት ላይ የሚድኸው ማነው? እጁን አፉ ውስጥ የሚከተው ማነው? ሕፃኑ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የርጭት ልብስ ከበሩ አይለፍ። ደግማችሁ በሉት፦ የርጭት ልብስ ከበሩ አይለፍ።

ያ ልብስ ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ናት፣ በባዶ እጇ እያሸች ሳትረጭ የተረጨች። ባል የራሱን የርጭት ልብስ ቢያጥብስ? ምን ይቀንስበታል? አጠባው ወንዝ ዳር አይሁን፤ እጣቢውም ከብት ከሚጠጣበት ይራቅ። ልብሱ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

የሚያጠቡና እርጉዝ የሆኑ እህቶቼ፣ ይህን በተለይ ስሙ። በካሊፎርኒያ ሳሊናስ ሸለቆ፣ ሰላጣና እንጆሪ በሚለቀምበት አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ እርጉዝ እናቶችንና ልጆቻቸውን የተከታተለ ጥናት አለ። በእርግዝናቸው ጊዜ የማላታይን ዘመድ የሆኑ መድኃኒቶች በብዛት የተገኙባቸው እናቶች ልጆች፣ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ስለዚህ አበባ እርሻ የምትሠሩ፣ ከተረጨ በኋላ ወደ ግሪን ሀውስ የሚገባበት ሰዓት ደርሷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ያ ሰዓት በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ቤቱ ዝግ ነው፣ ሙቀቱም ከውጭ ይብሳል፤ አሁንም ያው በር ነው የሚከፈተው።

መጠየቅ ደግሞ መብት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋውም ለሠራተኛው እንዲያስረዳ ያዛል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በአደገኛ ሥራ ማሰማራት አይፈቅድም። መርጨት ከአደገኛ ሥራ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው? ሠራተኛውም በበኩሉ የተሰጠውን ጓንት ኪሱ ከትቶ መዋል የለበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

አዘጋጅ፦ ሳልነግራችሁ የማልሰናበተው አንድ ነገር ቀረ፤ የነቀዝ ክኒን። ያችን ግራጫ ክኒን ታውቋታላችሁ፣ ፎስቶክሲን የምትሏት። በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ስትገናኝ ጋዝ ታወጣለች። ጋዙ ነቀዙን ይገድላል፤ ከከረጢቱም ሾልኮ እዚያው ክፍል የተኛውን ሰው ይገድላል። ይህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ስላልሸተታችሁ የለም ማለትም አይደለም። ስለዚህ ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ጎተራም ቢሆን፣ ክኒኑን አትጠቀሙ።

"ታዲያ እህሌን ነቀዝ ይብላው?" አይብላው። ሦስት ንብርብር ያለው፣ አየር የማያስገባ፣ ፒክስ የሚሉት ከረጢት አለ። በደንብ የደረቀውን እህል ሞልታችሁ፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጥታችሁ፣ ሁለቱን የውስጥ ፕላስቲኮች አንድ በአንድ ጥብቅ አድርጋችሁ ታስራላችሁ። ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል። ምንም መድኃኒት የለበትም፣ ልጆቹም አጠገቡ ቢተኙ አይጎዱም። ከረጢቱን አይጥ እንዳይበሳው ብቻ ጠብቁት። የት እንደሚገኝ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ባዶ የመድኃኒት ጀሪካኖችን ነገር ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቼዋለሁ። እስከዚያው ውኃም፣ ዘይትም፣ ጠላም አትቅዱባቸው፤ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ስለሚጠጣ ደጋግሞ ማጠብ አያነጻውም። በእናንተ ቀበሌ ባዶው ዕቃ የት ነው የሚሄደው? የሚሰበስብ አለ? ገበያ ላይስ ይሸጣል? ጻፉልን፣ ደውሉልን፤ ደብዳቤዎቻችሁን በሚቀጥለው ዝግጅት እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)